ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአልጎማ ጎዳና ጥግ፣ ከልብስ ማጠቢያው ቤት፣
ሦስት ማሽን ይዞራል፤ ተቀምጫለሁ ከመስኮቱ ፊት።
ተንደር ቤይ በረዶ ለብሳለች፤ ሐይቁ አይታይም ዛሬ፤
ኮምፒውተሬን ቢሮ ጥዬው መጣሁ፣ ሆን ብዬ፣ ከራሴ ጋር መክሬ።

ጭኔ ላይ ያለው መዝገብ ነው፤ የድንጋይ ያህል ይከብዳል፤
ባለ ሦስት ቀለበት፤ አንዱ አይገጥምም፣ ወረቀት ይነክሳል።
ጀርባው በፕላስተር ተጠግኖ፣
ጠርዙ በእጅ ወዝ ጠቁሮ፣ ገጹ ሳስቶ፣ መንምኖ።

የአይላ ሌህቶነን ነበር።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከወደቡ ጎተራ በር፣
ስንዴ የሚመዝነውን ፕሮግራም ስትጽፍ፣ ስትጠግን ኖራ፣
ጡረታ ስትወጣ ወንበሯን ሰጠችኝ፣ ይህንንም አብራ።
«ዓይንሽ ስክሪን ሲሰለቸው ግለጪው» አለች፣ ካፖርቷን እየቆለፈች፤
ሌላ ምክር አልሰጠችም። ዓሣ ልታጠምድ ሄደች።

ሦስት ሳምንቴ ነው አንድ ስህተት ሳሳድድ፣
ሲሻው የሚመጣ፣ ሲሻው የሚሄድ፦
ሁለት ፉርጎ ስንዴ በአንዲት ደቂቃ ሲመዘን፣
አንዳንዴ፣ ሁልጊዜም አይደል፣ ይለዋወጣል ስሙ፤
የፍሪዘን በፕሮኮፕቹክ ይመዘገባል፣ የፕሮኮፕቹክ በፍሪዘን።
ባለፈው ዓርብ ሁለቱም ደወሉ፤ አንዱ በትሕትና፣ ሌላው ፈልቶ ደሙ።

በስክሪኑ ፊት እጄ ከሐሳቤ ይቀድማል፤
ጥያቄዬን ሳልጨርስ አሥር መልስ ይደረደራል፤
አንዱን ገልብጬ እለጥፋለሁ፤ ሲሠራ ዝም፣ ሲበላሽ ሌላ፣
በሰው ቁልፍ ሁሉን በር እየሞከርኩ፣ በጥድፊያ፣ በችኮላ።
ወረቀት ግን አይጠራኝም። አይበራም። አያጣድፍም።
ጣቴን ባሳረፍኩበት ይጠብቀኛል፤ ከዚያ አያልፍም።
የምፈልገው ጋ ለመድረስ የማልፈልገውን አልፋለሁ፣
መንገድ ላይም፣ ሳላስበው፣ ከጎረቤቱ ደጅ እቆማለሁ።

ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት፦
«መለያቸው እኩል የሆኑ መዝገቦች ሁሉ
በገቡበት ተራ ይወጣሉ»
ይላል፣ በጥቁር ቀለም፣ ያለ ማመንታት።
ሃያ ጊዜ በስክሪን ያነበብኩት፣ ሃያ ጊዜ ያመንኩት ቃል።
ዛሬ ግን የመስኮቱ ብርሃን በጎን ነው፣ አግድም ይወድቃል፤
ከኅዳጉ ላይ፣ የደበዘዘ የእርሳስ ጭረት፣
አንዲት ቃል፣ በማላውቀው ቋንቋ፣ ሁለቴ የተሰመረባት።

ኦላቪ የሚባሉ ሽማግሌ ከጎኔ አንሶላ ያጥፋሉ፤
መዝገቡን ዘረጋሁላቸው፤ መነጽር ከኪሳቸው ይፈልጋሉ።
«ቫሌህቴሌ» አሉ፤ ሳቁም። «የእኛ ቋንቋ ነው፤ ይዋሻል ማለት።»
«ማን ነው የሚዋሸው?»
«መጽሐፉ ነዋ፣ ልጄ! ሌላ ማን አለበት?»

ሳቄ መጣ። የአንሶላቸውን ሌላ ጫፍ ያዝኩላቸው፣
አራት እጥፍ፣ ስምንት እጥፍ።
ከቃሉ ሥር፣ በእንግሊዝኛ፣ ጉንዳን በሚያህል ጽሕፈት፦
«ተራ እንዲጠብቅ ከፈለግሽ ንገሪው። ያልነገሩትን አያውቅም። የካቲት፣ ሌሊት።»
ለማን ጻፈችው? ያኔ እኔ አልተወለድኩም፤
«ንገሪው» ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ እንግሊዝኛው ሴት ወንድ አይለይም።

ለመሮጥ ተነሣሁ። ቢሮው ሁለት ፌርማታ ነው በአውቶቡስ።
ማድረቂያው አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀረዋል።
ተቀመጥኩ። ኦላቪ ከደረት ኪሳቸው አዋሱኝ የአናጢ እርሳስ፤
ከአይላ ቃል ሥር «እውነቷን ነው» ልል ቃጣሁ፣ ጫፉ ገጹን ነካ፤
ግን ያልሞከርኩትን አልፈርምም። ቀኑን ብቻ ጻፍኩ፣
ሰኞን ልጠብቅ ብዬ። እርሳሱን መለስኩ።

ገጹን ገለጥኩ። ሁለት መቶ አሥራ አምስት ምንም አልተጻፈበትም።
አንድም እውነት ነው፤ አንድም እስካሁን የሞከረው የለም።